የተቆረጠው ለማን ይሰጣል?

ባሕር ዳር፣ ከቀዶ ጥገና ክፍል ስወጣ ነው የያዙኝ፤ አረንጓዴ ልብሴን ገና አላወለቅሁም ነበር። «የቆሰሉ ሰዎችን አክመሃል» አሉኝ። የቀዶ ጥገና ሐኪም ሌላ ምን ያክማል?

ያሰሩን ጣና ዳር ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ማዕበሉ ይሰማል፤ ሐይቁ ግን አይታይም። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ የሻገተ እህል ሽታ አፍንጫ ይሰረስራል። አጠገቤ የሚተኙት ከደሴት በጀልባ ተሻግረው የመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ታስሮ የተወሰደ ልጃቸው መገደሉን ሰምተው፣ አስከሬኑን ስጡኝ እያሉ ቢመላለሱ እሳቸውንም አስገቧቸው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ «ለተሐድሶ ስልጠና» ብለው ሰበሰቡን። የእስር ቤቱ ሹም ፊታችን ቆሞ፣ «የወሰድነው እርምጃ ቀዶ ጥገና ነው፤ የበሰበሰው ካልተቆረጠ ጤነኛውም ይሞታል» አለ። ቃሉን ወዶታል፤ ደጋግሞ አላመጠው። በስንት ጭንቀት የምሠራው ሥራ ለዚህ ሲውል ደሜ ፈላ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ። ጠዋት ቢሮው ጠርቶ፣ «ሙያህ ነው፤ ልክ ነው ብለህ መስክርና ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ መውለጃዋ ደርሷል።

ተነሣሁ። አፌን ሳልከፍት መሪጌታ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናንተ የሰው እግር ስትቆርጡ፣ የተቆረጠውን ምን ታደርጉታላችሁ?»

ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ሹሙም ገብቶት አፈጠጠብኝ። ባለቤቴን አሰብሁ።

«ጠቅልለን ለቤተሰቡ እንሰጣለን፣ መሪጌታ» አልሁ። «ወስደው ይቀብሩታል።»

«አንዲት ጣት ብትሆንስ?»

«ጣትም ብትሆን፣ ዘመድ ከጠየቀ እንሰጣለን።»

መሪጌታ ወደ ሹሙ ዞሩ። «እንግዲያ የኔን ልጅ ስጡኝ» አሉ። «ቆረጥን ብላችኋል፤ ሰማሁ። ስጡኝና ልቅበረው።»

ሹሙ ስልጠናው አበቃ ብሎ ወጣ። እኔም ቤቴ አልገባሁም፤ ልጄን ያየኋት ጥርስ አብቅላ ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። እግር የቆረጥሁ ቀን ራሴ ጠቅልዬ፣ በር ላይ ለቆመው ዘመድ በሁለት እጄ እሰጣለሁ። አልቅሶ ይቀበለኛል፤ ወስዶም አፈር ያለብሰዋል። «ቀዶ ጥገና» የሚለውን ቃል በዜና ስሰማ ግን ሬዲዮውን እዘጋለሁ።

መሪጌታም ተፈትተዋል። ከተማ ሲሻገሩ ወደ እኔ ብቅ ይላሉ። የልጃቸውን ተዝካር አውጥተዋል፤ አስከሬኑን ግን ገና እየጠየቁ ነው።