ሐጎስን በቀስታ ማስነዳት

ሐምሌ ላይ ከመቐለ የተነሳነው ሁለት ነን፤ እኔ ሰይድና ጓደኛዬ ሐጎስ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ መቐለ ከገባሁ ሃያ ዓመት አለፈኝ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ብስክሌት እጠግናለሁ። ሐጎስ ድሮ ተወዳዳሪ ነበር። እሑድ እሑድ በሰሜን በኩል ወጥተን የውቕሮን መንገድ አብረን እንነዳለን። አብረን ማለቴ ለወግ ነው፤ እሱ ይቀድማል፣ እኔ ጀርባውን እያየሁ እከተላለሁ።

ዘንድሮ ልቡን አመመው። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ከሆነ ይንዳ፣ እሽቅድምድም ግን እንዳያስባት አለ። ቬሮና የምትኖረው ልጁ ይህን ስትሰማ፣ አባቷ አየር እንዲቀበል ብላ ለሁለታችን የሦስት ቀን የብስክሌት ሽርሽር ከፈለችልን፤ ጣልያን አገር፣ በአዲጄ ወንዝ ዳር፣ ሜዳ ለሜዳ። ሚስቱ ለታይ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘችንና እጄን ያዘች።

"ሰይድ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሲሮጥ ዝም እንዳትለው። አደራህን" አለችኝ።

እኔም ሞኙ እሺ አልኩ።

አንደኛ ቀን፤ ከቦልዛኖ ወደ ትሬንቶ

መሪ የሚባል ሰው የለም። አስጎብኚ ድርጅቱ ብስክሌት፣ ካርታና በእንግሊዝኛ የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ይሰጥሃል፤ ሻንጣህን በመኪና ወደሚቀጥለው ሆቴል ይወስዳል፤ ከዚያ ራስህን ቻል ነው። መጽሐፏ "ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ" ትላለች። የትኛው ቤተ ክርስቲያን? በየመንደሩ አለ! ሁለት ጊዜ የሰው ፖም እርሻ ውስጥ ገብተን ከባለቤቱ ጋር ተፋጠጥን።

መንገዱስ መንገድ ነው፣ አይካድም። ለብስክሌት ብቻ የተሠራ አስፋልት ነው፤ ባጃጅ የለ፣ አህያ የለ፤ ግራ ቀኙ ፖምና ወይን፣ ከላይ ተራራ። ግን ማን አየው? ሐጎስ ከፊቱ ብስክሌት ካየ አለቀ። መቐለ ላይ በብስክሌት ያደገ ሰው የቀደመውን መልሶ ሳይቀድም ሰፈሩ አይገባም። ልጁን ከኋላ የጫነ አባትን ቀደመ። አንድ ቄስንም ቀደመ። እኔ "ኧረ ልብህን!" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ እሱ ዞሮ እጁን ያወዛውዝልኛል።

እራት ላይ የአሳማ ሥጋ የሌለበት ነገር ብዬ ብጠይቅ ፖሌንታ የሚሉትን አመጡልኝ። ገንፎ! የበቆሎ ገንፎ፣ ያውም ያለ ቅቤ ያለ በርበሬ፣ በአሥራ ሁለት ዩሮ። ሐጎስ ለታይ የቋጠረችለትን በርበሬ ከሻንጣው አወጣና አዳነኝ። ስለ በርበሬው ስል የዚያን ቀን ይቅር አልኩት።

ሁለተኛ ቀን፤ ከትሬንቶ ወደ ሮቬሬቶ

ጠዋት ሊታዘዘኝ ምሎልኝ ነበር። እውነትም አንድ ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ነዳን፤ ወሬ ሁሉ አወራን። ከዚያ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ፣ ቀሚስ ለብሰው፣ ቅርጫታቸው ውስጥ ሽንኩርት ይዘው፣ "ቦንጆርኖ" ብለውን አለፉ። ላብ የለ፣ ማለክለክ የለ። ሐጎስ አፉን ከፍቶ አያቸው፤ ከዚያ ጎንበስ አለና ተፈተለከ።

ብጠራው፣ ብሳደብ፣ ማን ይስማኝ። ከዓይኔ ተሰወሩ።

ስደርስ ሐጎስ አንድ የውሃ ቧንቧ ሥር ተቀምጦ ደረቱን ይዟል። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሴትዮዋ ተመልሰው ውሃ ያጠጡታል። ያኔ ደሜ ፈላ፤ "ለታይን ምን ልበላት? ሬሳህን ከሻንጣው ጋር ልላክላት?" ብዬ ጮህኩበት። ተናድጄም ፈርቼም አለቀስኩ።

ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው አዩን። ኋላ ገባቸውና ከብስክሌታቸው ኮርቻ በስተኋላ ያለችውን ጥቁር ሣጥን መታ መታ አድርገው፣ "ሞቶሬ" አሉ። ለካ በባትሪ ነው የሚሄዱት! እኔም ሃያ ዓመት ብስክሌት የፈታሁት ሰውዬ፣ ምሳ ዕቃ ነበር የመሰለኝ። እንዲህ ያለ ጉድ መቐለ ውስጥ አይቼ አላውቅማ።

ሐጎስ ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም።

"እግሬ እኮ እሺ ብሎኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "እንቢ ያለኝ ይሄ ነው።" ደረቱን አሳየኝ።

ሦስተኛ ቀን

ቬሮና በባቡር ገባን። ወንዙን በመስኮት አየነው። ልጁ ከጣቢያው በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ ክኒን ጨመሩለት፣ ምክርም ጨመሩለት።

መቐለ

ለታይ ስትጠይቀኝ አልዋሸኋትም። ሁለታችንንም በእኩል ተቆጣችን።

በሁለተኛው እሑድ በሰሜን ወጣን። እንደ ልማዴ እንዲቀድመኝ ጠበቅሁ፤ አልቀደመም። ዳቦ የጫነ ሰውዬ ሁለታችንንም አልፎን ሄደ፤ ሐጎስ ዝም ብሎ አሳለፈው። ጣልያን አገር ሙሉ የለመንኩት ነገር ይኸው ተፈጸመልኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍሬን ያዝኩ።

"ቅደመኝ እንጂ፣ ምን ሆንክ?" አልኩት።

"አንተ ምራ።"

ሃያ ዓመት የነዳሁበት መንገድ ነው፤ ከፊቴ የሱ ጀርባ ሳይኖር ስነዳበት ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ጉድጓዱን ሁሉ እሱ ነበር የሚያሳየኝ። እየተንቀረፈፍኩ፣ በየመቶ ሜትሩ ዞር እያልኩ ነዳሁ። ለአራተኛ ጊዜ ስዞር ከኋላ ድምፁን ሰማሁ።

"አለሁ፣ ሰይድ። ወደ ፊት እያየህ ንዳ።"