ጀርባዋን ለሐይቁ የሰጠች

ሐይቅ ዳር ካፌ ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ዞሮ ሲቀመጥ፣ እሷ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ሶኬቱ ሥር ተቀምጣለች። የላፕቶፗ ባትሪ አይሠራም መሰለኝ፣ አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ገመዱን በእጇ ጭብጥ ታደርገዋለች፤ መብራቱን በጉልበት የምታስቀር ይመስል። ሻይዋ ቀዝቅዟል።

በፓይተን ኮድ የሠራችውን ድረ ገጽ ሰርቨር ላይ እየጫነች ነው። የትኛው መድኃኒት በየትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ የሚናገር ነው። ባልደረባዋ ኢዮስያስ በስልኳ ድምፅ ማጉያ፣ «እኔ ጋ አሁንም አልከፈተም» ይላል።

«ቆይ፣ እንደገና ላስነሳው።»

ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ቁልፉን ተጫነች።

«ከፈተ፣ ተመስገን» አለ ኢዮስያስ። «እስቲ አንድ ነገር ፈልጊበት።»

የሰው ስክሪን ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በኋላዋ በኩል ሳልፍ አየሁ። የአንድ መድኃኒት ረጅም ስም ሳታስብ፣ እንደ ልጇ ስም ጻፈችው። ከየፋርማሲው ስም ጎን አንድ ቃል ተደረደረ፦ የለም፣ የለም፣ የለም።

«እሺ፣ ይሠራል?» አላት።

«በደንብ ይሠራል» አለችው። ገመዱን ግን አልለቀቀችም።