ሣር ያየሁበት መሬት

ካርቱም ውስጥ ልጄን ለማግኘት መጀመሪያ ጣሪያ ማግኘት ነበረብኝ። አባቷ ሱዳናዊ ነበር፤ ገና ጡት ሳትጥል ሞተ። እኔ በሰው ቤት ተቀጥሬ የማድረው ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለች ክፍል ስለነበር፣ እዚያ ሕፃን ማሳደግ አይቻልም። ስለዚህ ጀብራ ሰፈር የሚኖሩት አማቴ ወሰዷት። ክፉ ሴት አልነበሩም። «የራስሽ ጣሪያ ያለሽ ቀን መጥተሽ ውሰጃት፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ። ኢንሻአላህ ያሉት ጣሪያውን እንደማላገኘው እርግጠኛ ሆነው ነው። ጁምዓ ጁምዓ ከሰዓት እየሄድኩ ልጄን አያት ነበር። እሷ በዐረብኛ ታወራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ ግማሹን እንተወዋለን።

ዘጠናዎቹ እያለቁ ነበር። ሙቀትስ ካርቱምን መቼ ጎድሏት ያውቃል፣ ግን የዚያን ጊዜው ሌላ ነው። ሁለተኛውን ልብስ ሰቅዬ ሳልጨርስ የመጀመሪያው ይደርቃል። አንድ ቀን የቤቱ ጌታ ምሳ ላይ ጋዜጣ ከፍቶ፣ ዓለም እየሞቀ ነው ይላሉ ብሎ ለሚስቱ አነበበላት። እኔ ከኋላቸው በካውያ ሸሚዙን እየተኮስኩ ነበርና ዜና አልሆነብኝም። ቀጠለና ድርቁም ጎርፉም እየባሰ ይሄዳል አለ። ይሄ ግን አልገባኝም። ወሎ ሳድግ ድርቅና ጎርፍ ባላንጣዎች ይመስሉኝ ነበር፤ አብረው ይሠራሉ ብሎ የነገረኝ የለም። ሰውዬው ጋዜጣውን አጠፈና ሙከይፉን፣ ያንን በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ ጨምሪው አለኝ። ጨመርኩት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ያጠራቀምኩት ሞላልኝና ከከተማው ጫፍ፣ ሶባ፣ ቁራሽ መሬት ልገዛ ሄድኩ። ደላላው ሦስት ቦታ አሳየኝ። ሁለቱ አመድ የመሰለ አፈር ነው፤ ዶሮ እንኳ የምትጭረው የለውም። ሦስተኛው ላይ ሣር በቅሏል። ያን በሚያህል ቡናማ አገር መሃል፣ አረንጓዴ ሣር! የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሣር ካየሁ ሌላ አላይም። ጎንበስ ብዬ አንዱን ነቀልኩ፣ ሥሩን አሸተትኩና «ይሄን» አልኩ። ደላላው እንደኔ ዓይነት ሰው ሲጠብቅ እንደኖረ ፊቱ በራ።

የጭቃው ግድግዳ እየቆመ ሳለ፣ ከፍ ካለው በኩል ያለችው ሱዳናዊት ጎረቤቴ መጣች። የልጅ ልጆች ያሏት ሴት ናት። ዙሪያውን አየችና «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይሄ እኮ ኾር ነው፤ የውሃ መንገድ» አለችኝ።

«ውሃው መቼ ነው የመጣው?»

«ሙሽራ ሳለሁ።»

ፊቷን አየሁት። ከዚያ ወዲህ ካልመጣ መንገዱን ረስቶታል ብዬ አሰብኩ። ደግሞስ ስለ ዝናብ ለወሎ ሰው ሊነግሩ! የካርቱም ሰው ካፊያ ካየ ሥራ አይገባም። «እኛ አገር ሦስት ወር ሙሉ ይዘንባል፣ የማንም ቤት አይወድቅም» አልኳት። እኛ ቤት የምንሠራው ኮረብታ ላይ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ልጄን ሰባት ዓመት ሲሆናት አመጣኋት። አማቴ ቃላቸውን አላጠፉም። ሁለታችን አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፤ ተኝታ እንደምትራገጥ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሰባት ዓመት እናቷ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። ጎኔ ሁሉ በለዘ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አስራ ዘጠኝ ቀን ኖርን። በሃያኛው ቀን፣ የከሰዓቱ ዐስር ሰላት ሊደርስ ሲል ሀቡብ ተነሣ፤ ከመሬት እስከ ሰማይ ቀይ አቧራ። መስኮቱን በጨርቅ ደፈንን። አቧራው ሲያልፍ ዝናቡ ጀመረ፤ ልጄ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች። እኔም የአገሬ ዝናብ መስሎኝ ሳቅሁ። የአገሬ ዝናብ ግን ይደክመዋል። ይሄ አልደከመውም፤ ሁለት ዓመት ሳይዘንብ የቀረውን ሁሉ ባንድ ከሰዓት ሊጨርስ የመጣ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ውሃ በበሩ ሥር ገባ፤ ሳይጣደፍ፣ እንደ ባለቤት። ጎረቤቴ ከላይ ሆና «ያላ! ያላ ውጪ፣ ልጅቷን ያዢ!» ብላ ጮኸች። ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ውሃው ከጉልበቴ አልፏል። ጎረቤቴ በር ደርሼ ዘወር ስል የኔ ግድግዳ ተንበረከከ፣ ጣሪያው ላዩ ላይ ተኛ። ድምፁ ብዙም አልነበረም።

ጎረቤቴ ነግሬሽ ነበር አላለችኝም። ጊዜም አላገኘችም፤ የሷም ጣሪያ ዝናቡ ከብዶት ከመግሪብ ሰላት በፊት ወደቀ። የውሃ መንገድ ላይ የሠራሁት እኔና ከፍ ብላ የሠራችው እሷ እኩል ውጪ ቆምን። እሷ ፍራሾቿን ለማውጣት ደርሳለች፤ ልዩነታችን ያ ብቻ ነበር።

በማግስቱ አስፋልቱ ድረስ በጭቃ ሄደን፣ በሱቅ ዐረቢ ገበያ በኩል ዞረን ጀብራ ደረስን። አማቴ በሩን ከፍተው «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳችሁ ተርፋለች» አሉና ልጅቷን አጥበው አስተኟት። ስለ ጣሪያው አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። አልቅሼ ስጨርስ ልጄን እዚያው ትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ጠብ አላለም። ቤት ለሚሠራ ሰው የተመቸ ጊዜ ነበር። ሌላ ቦታ፣ ምንም ያልበቀለበት መረጥኩ፤ የድንጋይ መሠረት አስጣልኩ፣ ቆርቆሮ አለበስኩት። ግን እጄ እስኪሞላ ስለምጠብቅ ሲያልቅ ልጄ አስራ አራት ዓመቷ ሆነ። አያቷ ራሳቸው ይዘዋት መጡ። ቤቱን ዞራ አየችው፤ ግድግዳውን በመዳፏ ነካ አድርጋ ማ ሻአላህ አለች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ወደ አያቷ ዘንበል ብላ፣ ቀስ ብላ በዐረብኛ፣ «መቼ ነው ወደ ቤት የምንሄደው?» አለቻቸው።