አባቴ ያልተረጎመው

አባቴ ለወንድሙ ለቅሶ አዲስ አበባ ሄዶ ሚስት አግብቶ ተመለሰ። ይህንንም የነገረን ቪዛዋ ወጥቶ ልትመጣ ሦስት ቀን ሲቀራት ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እህቴ አሥራ አምስት። እናታችን ከእሱ ከተለያየች ቆይታለች፤ ኦስሎ ውስጥ ሮምሶስ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። እኛ አንድ ሳምንት እሷ ጋ፣ አንድ ሳምንት ትሮስተሩድ ሰፈር እሱ ጋ እንከርም ነበር። አባቴ ሴትዮዋን እትዬ በሏት ብሎን ነበር። አላልናትም። የግድ ማናገር ሲኖርብን "አንቺ" እንላታለን፣ እሱንም ፊቷን ሳናይ።

በየካቲቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ፀሐይ ያለበት አገር አብረን ከዋልን ቤተሰብ የምንሆን መስሎት ዛንዚባር ወሰደን። በአራተኛው ቀን መኪና ተከራየና ዛሬ ደሴቲቱን እንዞራለን አለ። ኦስሎ ውስጥ ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። እዚያ ግን መሪው በቀኝ ነው፣ የሚነዳውም በግራ። ከሆቴሉ ግቢ ስንወጣ ፍሬቻ አበራሁ ብሎ የዝናብ መጥረጊያውን አስነሳው። እህቴና እኔ ሳቅን። ሴትዮዋ ከፊት ወንበር ዞር ብላ አብራን ልትስቅ ስትል እኔ ሳቄን አቆምኩ።

ከዚያ በኖርዌይኛ ጀመርን። እህቴ ቀሚሷን አየሽው፣ ሠርግ የተጠራች ነው የምትመስለው አለች። እኔ የባሰውን ተናገርኩ። ይህን ሽማግሌ ያገባችው ለመኖሪያ ፈቃዱ ነው፣ ቋሚው ፈቃድ በወጣ ማግስት ጥላው ትሄዳለች አልኩ። ድምፄን እንኳ ዝቅ አላደረግኩም። አባቴ ኖርዌይኛ አሳምሮ ይሰማል። በመስታወቱ አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

"ምን አሉ?" ብላ ጠየቀችው።

ባሕሩ ደስ ብሏቸዋል አላት።

ቀኑ እንዲሁ ሄደ። በምሥራቅ በኩል ባሕሩ ሸሽቶ፣ ሴቶች ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው የባሕር ሣር ይሰበስቡ ነበር። መኪናው እንዲቆም ለመነችና ወርዳ አጠገባቸው ድረስ ሄደች። የቀሚሷ ጫፍ ረጥቦ ስትመለስ እህቴ አሁን መኪናው ሊገማ ነው አለች። ሴትዮዋ አሁንም ምን አሉ ብላ ጠየቀች። አባቴ ሞቋቸው ነው አለና ውሸቱን ለማጽናት ማቀዝቀዣውን ጨመረው። እስክንንቀጠቀጥ በረደን። ማናችንም ቀንሰው አላልነውም።

ወደ ሰሜኑ ጫፍ ስንቃረብ መንገድ ዳር ቆምንና አባቴ ኮኮናት ሊገዛ ወረደ። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ዞረች።

"አንቺ ንገሪኝ። ከጠዋት ጀምሮ የምትሉት ምንድን ነው?"

እህቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀሚሱን፣ ፈቃዱን፣ ሽታውን። በአማርኛ ሲሆን ይበልጥ ያስጠላ ነበር። ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ሰማችኝና በሩን ከፍታ ወረደች።

አባቴ አራት ኮኮናት ደረቱ ላይ አቅፎ እየመጣ ነበር። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የምትለው፤ በዕድሜ በጣም ይበልጣታል።

"እነሱ ጠልተውኛል፣ ጥላቻቸውንም አልደበቁም" አለችው። "አንተ ግን ቀኑን ሙሉ ስትዋሸኝ ዋልክ።"

ነገር እንዳይነሳ ብዬ ነው፣ ለሰላም ብዬ ነው አላት። ለማን ሰላም ብላ ጠየቀችው። ኮኮናቶቹን የመኪናው ጣሪያ ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይፈልግ ጀመር፤ ቁልፉ መኪናው ላይ ነበር።

እህቴን ወደ ፊት አስቀይራ እኔ አጠገብ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አላለቀሰችም። ቀሪውን መንገድ ሁሉ እንዳልነካት በሩ ላይ ተለጥፌ ስለነበር ትከሻዬ ደነዘዘ። አዘንኩ ብል ውሸት ነው። አባቴ ማግባቱን ከነገረን ጀምሮ ልለው ፈልጌ ያልቻልኩትን እሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ብላው ነበር። ለዚያም ይበልጥ ጠላኋት።

ጥላው አልሄደችም። ቋሚ ፈቃዱ ወጣ፣ ሥራም ያዘች፣ ዛሬም ትሮስተሩድ አብረው ናቸው። እኔ ግሩነርሎካ ሰፈር ክፍል ተከራይቼ ወጣሁ። አባቴን ልጠይቅ ስሄድ በሩን ትከፍትልኝና ሳሎን ነው ብላኝ ወደ ጓዳ ትገባለች። ባለፈው መስከረም ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ስለዚያ ቀን ልናገር ብዬ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ አልኳት።

"አልነበርሽም" አለችኝ። የቆሻሻውን ከረጢት ወደ ሌላው እጇ አዛውራ፣ እንዳሳልፋት ጠበቀች። ግድግዳው ላይ ተጠጋሁላት።