ለኩሬው የሚበቃው እንዶድ

ሥራ የጀመርሁበት ዕለት ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቼ ሦስት ሰዓት በእግሬ ሄጄ ቀበሌው ደረስሁ። የፀረ ተባይ መርጫዬን አዝያለሁ፣ የመርፌ ሣጥኔን ይዣለሁ። የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነኝ። ማዕረጌ ጀማሪ ነበር፤ አነጋገሬ ግን የኃላፊ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ከብቱ የሚጠጣበት ኩሬ አለ። ዳር ላይ ባለው ወይራ እንዶድ ተጠምጥሞ እስከ ጫፉ ወጥቷል። እማሆይ ጥሩ የሚባሉ መነኩሲት በፍሬው የካህናቱን ልብስ ያጥቡበት ነበር።

«እማሆይ፣ ይኼ መርዝ ነው። ጥጃ ቢበላው ይሞታል፤ ይነቀል» አልኋቸው።

«መርዝነቱንማ እናውቃለን፣ ልጄ። ለመርዝነቱ አይደል ያቆየነው?»

አባባላቸው አልገባኝም፤ አልጠየቅሁምም። እሳቸውም የመንግሥት ሰው ነው ብለው አልከለከሉኝም። ዶማ ተውሼ ከነሥሩ ነቀልሁት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነበርሁ።

በዓመቱ ኩሬውን አልቅት ወረረው። ከብቱ ከአፍንጫው ደም ያንጠባጥባል። ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ከጥጆች ጉሮሮ አልቅት ስለቅም እውላለሁ። የእማሆይ አንዲት ላም ሞተችባቸው።

ነገሩን የነገሩኝ ያኔ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ እንዶዱን ሳይበስል ለቅመው፣ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ዘፍዝፈው ኩሬው ውስጥ ያፈሱት ነበር። ከብቱ ለጥቂት ቀን ወንዝ እየወረደ ይጠጣል፤ አልቅቱም ያልቃል። የመንደሩ ሴቶች ይወቅጣሉ፤ ስንት እንደሚገባ የሚለኩት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ለኃላፊዬ ሳስረዳው «ማን ንቀል አለህ?» አለኝ።

ከስማዳ የእንዶድ ቁራጭ አምጥቼ ተከልሁ። ወይራውን ተመልሶ ሸፈነው፤ አበበም። ፍሬ ግን የለውም። ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሽቅብ አዩትና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ወንዴውን ነው የተከልኸው! ምነው ብትጠይቀኝ፣ ልጄ?»

ሴቴውን አብረን ተከልን። ጉድጓዱን እኔ ቆፈርሁ፣ አፈሩን እሳቸው መለሱ። ከሥራ ዘመኔ አንድ ቀን መርጠህ ድገም ብባል ያችን ቀን ነው የምመርጣት። ሳያፈራ ወደ አርብ ገበያ ተዛወርሁ። መሞታቸውን የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ጡረታ ስወጣ ሄጄ አየሁት። ፍሬው ዘለላ ዘለላ ሆኖ ተንዠርግጓል። ከብቱ ግን ዛሬም ይደማል። አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና ጠየቀኝ፦

«እርስዎ ከእማሆይ ጋር ሠርተዋል አሉ። ለዚህ ኩሬ ስንት እፍኝ ይበቃል? ከበዛ ከብቱን እንዳይጨርስብን ፈርተን ተውነው።»

አላውቅም። ሲለኩ አንድ ቀን እንኳ አጠገባቸው ቆሜ አላየሁም። ናፈቁኝ፤ እዚያው ኩሬው ዳር፣ ሰውየው እየጠበቀኝ፣ እጃቸው ናፈቀኝ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ከመንቀላችሁ በፊት የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ፤ ልኩንም እሱ እያለ ጻፉት።