የመዝገብ ቤቷ የይለፍ ቃል

ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ ኮሌጅ የኢሜይልና የድረ ገጽ ሰርቨሮችን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቤቴ ቡሬ ስለሆነ ግማሹን ሥራ በስልክ ነበር የምሠራው። የሰርቨሩ ክፍል ሁለት ቁልፍ አለው። የይለፍ ቃል ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ለአንድ ሰዓት ይታገዳል። በዚህ እኮራ ነበር፤ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አወራው ነበር።

አንድ ሰኞ ስገባ ከኮሌጁ አድራሻ ቅዳሜና እሁድን ሙሉ የሎተሪ ማጭበርበሪያ መልእክት ሲላክ መክረሙን አየሁ። የሌሎች ተቋማት ሰርቨሮች አግደውናል፤ ለተመራቂዎቻችን የላክነው ማስረጃም ሳይደርስ ተመልሷል። ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን የሰርቨሩን መዝገብ አገላበጥኩ። ሌባው ምንም አልሰበረም። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን የይለፍ ቃል ይዞ በአንድ ሙከራ ገብቷል።

ኃላፊዋን እትዬ ነው የምላቸው። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። ዲኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰበሰቡ፤ ከሥራ ይሰናበቱ የሚል ሐሳብም ገና ከመጀመሪያው ተነሣ።

ሌባው የይለፍ ቃላቸውን የተቀበለበትን የሐሰት መልእክት አትሜ ለኮሚቴው ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። አንብብ ተባልኩ። «የመልእክት ሳጥንዎ ሞልቷል፤ እንዳስተካክልልዎ የይለፍ ቃልዎን ይላኩልኝ» ይላል። መሀሉ ላይ ድምፄ ወረደ። ይህን አባባል አውቀዋለሁ። የእትዬ ሳጥን በሞላ ቁጥር ቡሬ ቁጭ ብዬ ስደውልላቸው የምናገረው ነው። ያለ ይለፍ ቃላቸውም ላስተካክለው እችል ነበር፤ መጠየቁ ግን ሥራውን ያሳጥርልኝ ነበር። ያን ሁሉ መቆለፊያ ገጥሜ፣ ቁልፉን ለጠየቀ ሁሉ መስጠትን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

ዲኑ ለምን እንደሰጡ ጠየቋቸው። እትዬ አንዴ አዩኝና አቀረቀሩ።

«የኔው ሞኝነት ነው» አሉ።

ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሱም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝም ብል እንደሚያልፍልኝ ማሰቤን አልደብቅም። ከዚያ እጄን አነሣሁ።

«እንዲህ እያልኩ ስጠይቃቸው የኖርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

እትዬ በምክር ታለፉ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ሲያንሰኝ ነው። ካገዱን ሰርቨሮች ጋር ተጻጽፎ እገዳውን ማስነሣት ብዙ ቀን ወሰደ።

ከወራት በኋላ የእትዬ ሳጥን የእውነት ሞላ። ይህን ጊዜ ስልክ አላነሣሁም፤ ከቡሬ በሚኒባስ መጥቼ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆምኩ። አሮጌ መልእክቶቻቸውን አብረን እንድንሰርዝ፣ እሳቸው ራሳቸው ከፍተው እንዲገቡ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉና ቆም አሉ።

«እስቲ ፊትህን ወደዚያ መለስ አርግልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዞርኩ። አንድ በአንድ ሲጫኑ እየሰማሁ፣ ጨርሻለሁ እስኪሉኝ ድረስ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ።