ሳይወርዱ ማለፍ

ሮማ ውስጥ ቢስክሌት የሚነዳ ሰው መንገድ የለውም። ግዛቸው ቢስክሌት ከገዛ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ይህን ለማወቅ ግን በቅቶታል። በመኪናው መንገድ ሲሄድ ባለታክሲው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወደ እግረኛው ውጣ!» ይለዋል። ወደ እግረኛው ሲወጣ ውሻዋን የምትጎትት ሴትዮ «ወደ መኪናው ውረድ!» ትለዋለች። ተማክረው የመጡ ነው የሚመስለው። ለቢስክሌት ተብሎ ቀለም የተቀባ መንገድም አለ። እሱ ላይ ግን ዕቃ ጫኝ መኪና ይቆምበታል፤ ሾፌሩ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ ቡናውን ሊጠጣ ይገባል። ፎቶ የሚነሱ ቱሪስቶች አሉበት፤ ሕፃን የጫነ ጋሪ አለበት። ቢስክሌት ብቻ ነው የሌለበት።

ግዛቸው የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ኤስኲሊኖ በሚባል ሰፈር ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይጋራል። ከተማውን ከሚከፍለው ወንዝ ማዶ ሲኞር ዱሊዮ የሚባሉ የዘጠና ዓመት አዛውንት አሉ፤ እሳቸውን ከአልጋ ያነሳል፣ ያጥባል፣ ያበላል። ልጃቸው ፓትሪዚያ ወደ ሥራዋ የምትወጣው እሱ ሲገባ ነው፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት። ሁለት ቀን አርፍዶባት «ሦስተኛ ካረፈድክ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብላዋለች። ሥራው ከሄደ ኮንትራቱ ይሄዳል፤ ያለ ኮንትራት ደግሞ ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም።

መኪናውስ ይሁን። የባሰበት የአገሩ ሰው ነው። ትልቅ ሰው ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ሰላም አይባልም፤ ወርደህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ ጉንጭ ስመህ ነው። አንድ ቀን ቸኩሎ ለአንድ የአገሩ ሽማግሌ፣ ለአቶ ወልደንኪኤል፣ እጁን ብቻ አንስቶ አለፈ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። «የዛሬ ልጅ እንደ ባለሥልጣን እጁን እያወዛወዘ ያልፋል» ተብሏል። ከዚያ ወዲህ ይወርዳል።

አንድ ሐሙስ ጧት ለሁለት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው በወንዙ ዳር ባለው የቢስክሌት መንገድ እየበረረ ነበር። ከፊቱ አራት ሴቶች በክረምት ጃኬታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዘው፣ በገዛ ግቢያቸው እንደሚንሸራሸሩ ሁሉ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። መሀል ካሉት አንዷን ከጀርባቸው አወቃቸው። እትዬ አስገደት ናቸው። ሮማ የገባ ጊዜ አልጋቸውን ለቀውለት፣ ራሳቸው ወጥ ቤት ፍራሽ ዘርግተው አምስት ወር ያኖሩት ሴት።

አራት ሰው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ መሳም፣ ከዚያ «እናትህስ?»። ሰባት ደቂቃ አይበቃም። ደወሉን ቢደውል ነውር፣ ዝም ብሎ ቢያልፋቸው የባሰ ነውር። ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ደፋና ወደ መኪናው መንገድ ወረደ። «ካላዩኝ አላለፍኳቸውም» ብሎ ራሱን አሳመነ።

ታክሲው ከኋላው ጡሩንባውን ነፋ። ግዛቸው ደንግጦ መሪውን ሲያዞር የፊት ጎማው መንገዱ ከተነጠፈበት ጥቁር ድንጋይ በሁለቱ መሀል ተሰነቀረ፤ እሱ በመሪው ላይ አልፎ ጥጉ ላይ ተዘረጋ።

«ውይ ልጄን! ግዛቸው አይደለም እንዴ?» አሉ እትዬ አስገደት።

ከመሬት ሳይነሳ ተራ በተራ ሳሙት። ሦስት ሦስት ጊዜ።

«ደህና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፣ ጉልበቱ እየደማ።

«እናትህስ?»

«እትዬ፣ ሥራ ረፈደብኝ!»

«ታዲያ ይህን የመሰለ መንገድ ትተህ መኪና መሀል ምን ወሰደህ?»

ውሸት የሚፈጥርበት ጊዜ አልነበረውም። «እርስዎን ሳልወርድ እንዳላልፍዎት ብዬ ነው።»

እትዬ አስገደት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «አንተ! ለእኔ ብለህ መኪና መሀል ትገባለህ? ‹ዘወር በሉ› ብለህ አትጮህም? እኔ አሮጊት ነኝ እንጂ ታቦት ነኝ?»

«ታቦትስ ጃንጥላ አለው፤ ከሩቅ ያስታውቃል» አለች አንዷ። ሳቁ።

«በል ሂድ፣ ሂድ!» አሉት እትዬ አስገደት። እጃቸው ግን የቢስክሌቱን መሪ አልለቀቀም። «ደሙን ሳትጠርግ? ቆይ እስቲ ሶፍት ነበረኝ... ኸረ የት ገባ...»

ጎማው ስለተጣመመ ቢስክሌቱን እየገፋ ሲደርስ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ፓትሪዚያ ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። መጀመሪያ ሰዓቷን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን አየች።

«አሎራ? ምን ሆንክ?»

ነገራት።

«ደወል የለህም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

«ትልቅ ሰው ላይ አይደወልም።»

ፓትሪዚያ አፍጥጣ አየችው። ከውስጥ ሲኞር ዱሊዮ ይጮሃሉ፤ «ልጁ መጣ? ያንሳኝ! አንቺ ጀርባዬን ሰበርሽው!» ጧቱን ሦስት ጊዜ ልታነሳቸው ሞክራ አልቻለችም፤ ፀጉሯ ተበታትኗል፣ እሷም ከሥራዋ አርፍዳለች።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ከነገ ጀምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ትገባለህ። ደሞዙ ያው ነው። ሮማን በሙሉ ስመህ ብትመጣም ያኔ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳለህ።»

ሥራው ተረፈ። በማግስቱ ጎማውን አቃንቶ ገና ሳይነጋጋ ያንኑ መንገድ ያዘ። የአገሩ ሰው የለም። መሀል መንገዱን ይዞ፣ ጆሮዎቹን በማዳመጫ የደፈነ አንድ ሯጭ ይሮጣል። ግዛቸው ደወለ። ደገመ። ለሦስት ሳምንት አምቆት የኖረውን ደወል ሁሉ ሰውዬው ጀርባ ላይ አወረደው።

ሰውዬው ንቅንቅ አላለም።

ግዛቸው ወደ ኋላ ዞር ብሎ መኪና አለመኖሩን አየና ወደ መንገዱ ወረደ።